ከመግደል በፊት ማስጠንቀቅ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ለፕሮግራም ጸሐፊዎችም የሚጠቅም ምክር ነው ብዬ አምናለሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ፕሮግራሞችን ሁሉ የሚያስተዳድር ከርነል የሚባል ክፍል አለ። ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ጀመረው። የዚህ ከርነል ጸሐፊዎች «ይህ ከቶ ሊሆን አይገባም» ያሉት ነገር ሆኖ ሲገኝ የሚጠሩአቸው ማክሮዎች፣ ማለት ረጅሙን ትእዛዝ የሚወክሉ አጫጭር ስሞች አሉ። «ባግ ኦን» የተባለው በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም ወዲያው ይገድላል። «ዋርን ኦን» ግን ስሕተቱ የተገኘበትን ቦታና ወደዚያ ያደረሱትን ትእዛዞች በተራ መዝግቦ ሥራው እንዲቀጥል ይፈቅዳል።

እኔ ይህን ትምህርት በጀመርሁ ጊዜ «ስሕተት ከታየ መግደል ይሻላል» እል ነበር። አሁን ግን አሳቤን ለውጫለሁ። የተገደለው ፕሮግራም በከርነሉ ውስጥ የቆለፈው ቁልፍ ሳይፈታ ይቀራል፤ ያን ቁልፍ የሚጠብቁትም ሁሉ እንደ ቆሙ ይቀራሉ፤ በመጨረሻም ማሽኑ በሙሉ ሊደነዝዝ ይችላል። ያን ጊዜ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ የስሕተቱም ማስረጃ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል።

«የተበላሸ ነገር ይዞ መቀጠል በዲስክ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያበላሻል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን «ዋርን ኦን» የምርመራውን ውጤት መልሶ ስለሚሰጥ፣ ጸሐፊው አስጠንቅቆ ያንኑ ሥራ ብቻ ሊያቋርጠው ይችላል። ከዚህም በላይ፣ መቆም ይሻለኛል የሚል ባለቤት «ፓኒክ ኦን ዋርን» የተባለውን ማዘዣ ቢያበራ ማሽኑ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይቆማል። ስለዚህ ፍርዱ የባለቤቱ ይሆናል እንጂ የጸሐፊው አይሆንም።

ይሁን እንጂ በየሰበቡ የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣ የሚሰማው የለም። ተጠቃሚው የተሳሳተ ቁጥር ቢያስገባ የስሕተት መልስ ይበቃዋል። ለዚህ ሲል «ዋርን ኦን» የሚጽፍ ሰው፣ ያ ማዘዣ በበራበት ማሽን ላይ ማንም ተራ ተጠቃሚ ማሽኑን እንዲጥል በር ከፈተለት ማለት ነው። ለሚደጋገመውም ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስጠነቅቅ «ዋርን ኦን ዋንስ» አለ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ነገ ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ፣ እጃችሁ «ባግ ኦን» ብሎ ከመጻፉ በፊት በዚያ ማሽን ላይ የማን ሥራ እንዳለ አስቡ። በማናውቀው ሰው ሥራ ላይ የሞት ፍርድ ከመፍረድ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባናል።