ለአርበኛው ጥይት ተኩሰናል፤ ስሙን ግን አልጻፍንም

በአገራችን የአርበኛ ቀብር እንደ ሠርግ ያማረ ነው። ጎፈሩ ይወጣል፤ ለምዱ ይዘረጋል፤ ኒሻኑ ተደርድሮ ከአስከሬኑ ፊት ፊት ይሄዳል። ጠመንጃ ያለው ይተኩሳል፤ ድምፅ ያለው ይፎክራል፤ አልቃሿም ሙሾዋን ታወርዳለች። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ይነሣና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ ከዚያችውም ገጽ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የልጅና የልጅ ልጅ ቁጥር ነው። ስለ አምስቱ የጦርነት ዓመታት የሚነገረው «በዱር በገደል ከጠላት ጋር ሲዋጉ ቆይተው» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ነው። የት ተዋጉ? በማን ሥር? ከእነማን ጋር? ሲቆስሉ ማን አስታመማቸው? እንጀራውን የጋገረችው ማን ናት? ይህን የሚጠይቅ የለም። አፈር ይመለሳል፤ ሕዝቡም ወደ ድንኳኑ ይሄዳል።

እኔ የተወለድሁት በግሼ ወረዳ በራቤል ከተማ ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ሰው በበርኖስ ተጠቅልሎ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት ደጋ። በልጅነቴ ከከተማችን የመጨረሻዎቹ አርበኞች አንዱ የነበሩ ሽማግሌ ከቤታችን በላይ ይኖሩ ነበር። ስማቸውን የማላነሣው ቤተሰባቸውን ሳላስፈቅድ በጋዜጣ ማውጣት ስላልወደድሁ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ጎፈራቸውን ጭነው፣ ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው ሲወጡ የከተማው ሹማምንት ከመቀመጫቸው ይነሡላቸው ነበር። በቀሩት ቀናት እንደ ማንኛውም ድሃ ገበሬ በየቢሮው ደጅ የሚጠኑ ሰው ነበሩ።

እኛ ልጆቹ «አባባ፣ ስንት ጣልያን ገደሉ?» እያልን እናስቸግራቸው ነበር። «የገደልሁትስ ቅማል ነው» ብለው ይስቁብን ነበር። ከዚያም ስለ ሌላ ነገር ይነግሩናል፤ ጨው ስለ መጥፋቱ፣ ሌሊት ሌሊት ስለ መጓዝ፣ ጢስ እንዳይታይ እሳት ሳያነዱ ጥሬ እየቆረጠሙ ስለ ማደር፣ ከባልዋ ተደብቃ እህል ፈጭታ ስለ ላከችላቸው አንዲት ሴት። እኛ ግን የምንፈልገው የተኩሱን ወሬ ስለ ነበር ቶሎ እየሰለቸን እንሮጣለን። በተቀበሩ ዕለት ግን ፎካሪው የገደሏቸውን ሰዎች ቁጥር አሳምሮ ያውቅ ነበር። እርሳቸው በዕድሜ ልካቸው ያልተናገሩትን ቁጥር እርሱ ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ። ስለዚያች እህል ፈጪ ሴት የተናገረ አልነበረም።

ፉከራን ለማቃለል ይህን አልጻፍሁም። ፉከራና ሽለላ ባይኖር ኖሮ ያ ትውልድ በባዶ ሆዱ አምስት ዓመት ባልተዋጋ ነበር። ዳሩ ግን ፉከራ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀግንነትን። ቀንን አይጠብቅም፤ የቦታን ስም አይጠብቅም፤ ፍርሃትን፣ ረኀብን፣ የጓደኛን ክሕደት አይጠብቅም። የእነዚህ ነገሮች ማደሪያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ደግሞ በእጃችን ይዘን የምንዞረው እኛ ተማሪዎች ነን።

ኢትዮጵያ ከድል በኋላ በፋሽስት ኢጣልያ ላይ ያቀረበችው የጉዳት ዝርዝር የሟቾቹን ቁጥር 760,300 ያደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ 78,500 በወረራው ዘመን ሲዋጉ የወደቁ አርበኞች ናቸው ተብሏል። ቁጥሩ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሊቃውንት ልተወው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከ78,500ው ውስጥ ከግሼ ስንት፣ ከጌራ ስንት፣ ከማማና ከላሎ ስንት ናቸው ቢባል ዝርዝሩን ከፊቴ የሚያኖርልኝ አለመኖሩ ነው። ስም የሌለው ቁጥር ለክስ ይበቃ ይሆናል፤ ለልጅ ልጅ ግን አይበቃም። ለክስም ቢሆን አልበቃም እንጂ! ባዶሊዮም ግራዚያኒም በኢትዮጵያ ላይ ስለሠሩት ግፍ አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት አልቆሙም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በገዛ አገሩ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈትቷል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። የእነርሱ ገዳይ ስም በድንጋይ ላይ ሲጻፍ የእኛ ሟች ስም በደብተር ላይ እንኳ የለም።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በዚያው በመንዝ ደጋ የሚገኘው የዘረት ዋሻ ነው። በራስ አበበ አረጋይ ሥር ከሚዋጉት አለቆች አንዱ ተሾመ ሻንቁጥ ተከታዮቹን ይዞ በዚህ ዋሻ ተጠግቶ ነበር። ከእርሱ ጋር የነበሩት ጦረኞች ብቻ አይደሉም፤ ሴቶች፣ ልጆች፣ ሽማግሎችና ቁስለኞችም ነበሩበት። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ዋሻውን ከበበ። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነበርና ነገሩ የሆነው በበዓሉ ሰሞን መሆኑን ልብ በሉ። ጠላት በተኩስ አላስወጣ ቢለው ኢፕሪት የሚባለውን የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። ኢጣልያ ግን በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የፈረመች አገር ነበረች። እጃቸውን የሰጡት ወንዶች በጥይት ተደበደቡ። ተሾመ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ሾልኮ አመለጠ። ያለቀው ሕዝብ ከአንድ ሺህ በላይ እንደሆነ ይገመታል።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ዓለም እንዴት አወቀው? የአገሩ ሰው ምንጊዜም ያውቀው ነበር፤ እረኛ እንኳ ዋሻውን በፍርሃት ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ነገሩ ከመንዝ ወጥቶ የታወቀው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ ተመራማሪ በአገሩ ቤተ መዛግብት የጦሩን ወረቀት አግኝቶ፣ በ1998 ዓ.ም. ከዋሻው ድረስ መጥቶ ካየ በኋላ ነው። በኋላም የውጭ አገር የከርሰ ምድር አጥኚዎች ከኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ ጋር ሆነው ቦታውን መርምረዋል። አጥንቱም፣ የሸክላው ስባሪም ከዚያው ከወደቀበት ነበር። ስድሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ገዳዩ የጻፈው ወረቀት በሮም ሲቀመጥ፣ ከሞት የተረፉት ሰዎች በመንዝ አንድ በአንድ ያርፉ ነበር ማለት ነው። ያም ወረቀት ሟቾቹን አርበኛ አይላቸውም፤ ሽፍታ ነው የሚላቸው። ሌላ ወረቀት ስለሌለ የእነርሱ ወረቀት ምስክር ሆነ።

የኢጣልያን መንግሥት ስለ መርዝ ጋዙ ያሳመነውም ወረቀት ነው። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ለብዙ ዓመታት ሲጮኽ፣ በኢትዮጵያ የዘመተው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «እኔ እዚያው ነበርሁ፤ ጋዝ የሚባል አላየሁም» እያለ ይሟገተው ነበር። በ1988 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስቴሩ በይፋ ሲያምንና ሰነዱ ሲወጣ ሞንታኔሊም ተረታ። ገላቸው በጋዝ የተላጠ የእኛ ሰዎች ግን እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበሩ። አስቦ የጠየቃቸው ስንት ሰው ነው?

«ይህ ሁሉ የባላገር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ ቢኖር የሚማርበትን ግቢ ቀና ብሎ ይመልከት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ በገነተ ልዑል ግቢ ነው። መንዝና መርሐቤቴን ይዞ አምስት ዓመት ጠላትን ያስጨነቀው ራስ አበበ አረጋይም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተገደለው በዚሁ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ፣ ጠላት ሳይሆን የገዛ ወገኑ በተኮሰው ጥይት ነው። መንግሥቱና ገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥቱን ሲያነሡ የያኔው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ተማሪ ለውጥ ሲፈልግ፣ አርበኛው ከድል በኋላ ሚኒስትር ሆኖ የአሮጌው ሥርዓት ምሰሶ ሆኗል። በ1936 ዓ.ም. የትግራይን የወያኔ ዐመፅ ለማብረድ የተላከውም እርሱ ነበር። ዓመት ያህል ቆይቶ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ተማሪም ደብተሩን ይዞ ገባ። እንዲህ ያለውን ሰው በፉከራ ብቻ እንዴት አድርገን እንናገረዋለን? ጀግና ነበር ብለን ብንጨርስ ግማሹን ዋሸን፤ የመሳፍንት ሹም ነበር ብለን ብንጨርስ ሌላውን ግማሽ ዋሸን።

የታላላቆቹስ ነገር ቢሆን የሚጽፈው አይጠፋም። ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ በጅባት ዘምተው በ2009 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ታሪካቸውን በአንደበታቸው ለመናገር በቁ፤ በሕይወት ሳሉም መጽሐፍ ወጣላቸው። በላይ ዘለቀም በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢሰቀልም ጎጃም ስሙን አልረሳውም። የቀረው ጋሻ ጃግሬው ነው፤ ስንቅ ተሸካሚው፣ ጠመንጃ ሳይኖረው ዱላ ይዞ የተከተለው፣ ባሏ ሲወድቅ ጠመንጃውን አንሥታ የተተካችው።

አንድ ያልተናገርሁት ምክንያት አለ፤ እርሱም ዋነኛው ይመስለኛል። በአንድ መንደር የአርበኛና የባንዳ ልጆች ጎረቤት ናቸው፤ ተጋብተዋል፤ ተዋልደዋል፤ በአንድ እድር ይቀበራሉ። አንዱ ቤት ቀን ለጠላት ገብሮ ሌሊት ለአርበኛ እህል የላከ ነው። አርበኛውም ቢሆን ሲርበው የድሃውን በግ በግድ የበላበት ጊዜ አልጠፋም። ሽማግሎቻችን ዝም የሚሉት ስለ ረሱ ብቻ ሳይሆን ጎረቤት እንዳይጣላ ብለው ነው። ይህን ዝምታ አከብራለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው አልፏል፤ ዛሬ የሚጣላበት የለም። በ1928 ዓ.ም. ጠመንጃ ለመያዝ የደረሰ ልጅ ዛሬ መቶን ያለፈ ሽማግሌ ነው፤ እርሱን ማግኘት እንደ ተአምር ነው። በዘረት ጊዜ በእናቱ ጀርባ የታዘለው ግን ገና በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ሊገኝ ይችላል። የአባትና የእናታቸውን ወሬ በእሳት ዳር የሰሙ ልጆችም አሉ።

ሌላ አገር ምን እንደሚያደርግ እንይ። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ መዝመት ጀመረ፤ በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ወታደሮች ሄዱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ። ኮርያውያን በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቁመው በ1960 ዓ.ም. ሲመርቁ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሕይወት የቀሩትን ዘማቾች እየፈለጉ ሲረዱ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለባዕድ አገር የሞተው ኢትዮጵያዊ ስሙ በባዕድ አገር ሲዘከር ለራቤል የሞተው በራቤል ስሙ አይገኝም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ነገር ከባድ አይደለም። በመጪው ክረምት እያንዳንዱ ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ አንድ ደብተር ይያዝ። ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት ጋር ሁለት ቀን ይቀመጥ። «ስንት ገደሉ?» ብሎ አይጀምር፤ «ምን ትበሉ ነበር? ማን ያመጣላችሁ ነበር? የት ታድሩ ነበር?» ብሎ ይጀምር። የሰው ስም ሲነሣ እስከ አያት ይጻፍ፤ የቦታ ስም ሲነሣ ሄዶ ይየው። የቤተ ክርስቲያኑን አለቃ በመጽሐፍ ኅዳግ የተጻፈ የሙታን ስም እንዳለ ይጠይቅ፤ የወረዳው የአርበኞች ማኅበር መዝገብ ካለም ይገልብጥ። ለቤተሰቡ ክብር ሲባል መሸፈን ያለበት ስም ይሸፈን፤ ደብተሩ ግን ይጻፍ። የታሪክ ክፍል መምህራንም እንዲህ ያለውን ደብተር እንደ አንድ የጥናት ጽሑፍ ቆጥረው ማርክ ቢሰጡበት ደብተር የሚሞላው ሰው ቁጥር ወዲያው እንደሚጨምር አልጠራጠርም፤ የተማሪን ጠባይ እነርሱም ያውቁታል።

ከግሼ፣ ከጌራ፣ ከማማና ከላሎ የመጣን ተማሪዎች በዚህ ግቢ ጥቂት አይደለንም። የሚፈልግ ካለ ከፈተና በፊት በነበሩት ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንገናኝ። መንገዱን ተከፋፍለን፣ በዘረት ዙሪያ ያሉትን መንደሮች ማን እንደሚወስድ እንወስናለን። ራቤልን እኔ እወስዳለሁ፤ መጀመሪያ የማንኳኳውም የእነዚያን የሽማግሌውን ልጆች ቤት ነው። ስለዚያች እህል ስለ ፈጨችው ሴት ስሟን የሚያውቅ ካለ እነርሱ ናቸው።