የኤችአይቪ ሥራ በወላይታ ሶዶ ቋሚ መደብ ይኑረው

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ትእዛዝ የአሜሪካን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት አገደ። ብዙም ሳይቆይ፣ በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው በመላው ኢትዮጵያ በኤችአይቪ አገልግሎት ላይ የተሰማሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ።

እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎድለው ክኒኑ ሳይሆን ሰው ነው፦ ቀጠሮ ያሳለፈችውን እናት ደውሎ የሚፈልግ፣ መዝገብ የሚያመሳክር፣ መድኃኒት የጀመረውን ወጣት «አይዞህ» የሚል። ይህ ሰው ለዓመታት የኖረው በፕሮጀክት ውል እንጂ በመንግሥት መደብ አልነበረም። ውሉ ሲያልቅ ሥራውም ባለቤት ያጣል።

ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደሉ የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል። ወጪውን በአብዛኛው የሸፈኑት ግን የአሜሪካው የኤድስ እርዳታ መርሐ ግብር ፔፕፋርና ግሎባል ፈንድ ናቸው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ ኢትዮጵያ እስካሁን እዚያ አልደረሰችም።

ወላይታ ሶዶ ይህን ጉዳይ የሩቅ ወሬ አድርጋ ልታየው አትችልም። ከሻሸመኔ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕናና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ሾፌሩ፣ ተማሪው፣ ለሥራ ወጥቶ የሚመለሰው ወጣት ሁሉ ያልፍባታል። የአገሪቱ ስርጭት ከ1 በመቶ በታች ነው የሚለው አማካይ ለእንዲህ ዓይነት ከተማ መዘናጊያ እንዳይሆን! በ2010 ዓ.ም. በከተሞች የተካሄደው ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ባሉ ነዋሪዎች ዘንድ 3 በመቶ ስርጭት አግኝቷል።

ሥራው በራሳችን በጀት ይያዝ ሲባል «ዞኑ ከየት አምጥቶ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ አገር ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ይህ ጋዜጣ ከዚያው ሠራተኛ ደመወዝ ተጨማሪ መዋጮ ይቆረጥ የሚለውን ሐሳብ አይደግፍም። የመድኃኒቱና የቫይረስ መጠን ምርመራው ግዢ የፌዴራል መንግሥት ሸክም ይሁን። ክልሉ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ታካሚ ተከታትለው የሚመልሱትን ሠራተኞች በየጤና ጣቢያው በቋሚ መደብ ይያዝ፣ በጀታቸውም ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወር በስሙ ይለይ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እስከ 2 በመቶ በጀት ለኤችአይቪ እንዲመድቡ የሚጠይቀው አሠራርም አለ። በተግባር ግን ገንዘቡ፣ ከተመደበ፣ በግማሽ ቀን ሥልጠና አበልና ለኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን በሚታተም ቲሸርት እንዳያልቅ የሚቆጣጠር ያስፈልጋል። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኤችአይቪ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ዛሬ በጤና ሚኒስቴር ሥር ያለ ክፍል ነው። ወደ ታችም ቢወረድ የወረዳ ጤና ኃላፊ የግብርና ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤትን «የ2 በመቶው የት ገባ?» ብሎ ለመጠየቅ ጉልበት የለውም።

ያ ጉልበት ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሒሳቡን በአደባባይ ይስማ፤ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ማኅበራትም በታዛቢነት ሳይሆን በጠያቂነት ይቀመጡ። አሜሪካ መስከረም 2018 ዓ.ም. ባወጣችው የጤና ስትራቴጂ ኃላፊነቱን ደረጃ በደረጃ ወደ አገራቱ እንደምታዞር አስታውቃለች። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት የሚቀጥለውን በጀት ሲያጸድቅ እነዚህ የጤና ጣቢያ መደቦች በሰነዱ ውስጥ መኖራቸውን ይህ ጋዜጣ ያያል፤ ከሌሉም ለምን እንደሌሉ ይጠይቃል።