ፍሬን ሲጮህ ሙዚቃ ከፍ አታድርጉ

ወገኖቼ፣ ትናንት ዴንቨር ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ የአንዱ ወንድማችን ካምሪ ከኋላዬ መጣ። ከመኪናው የቀደመው ጩኸቱ ነው። «ምነው?» ስለው «ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሙዚቃ ከፍ ሳደርገው አይሰማም» አለኝ። ተሳሳቅን። ቅዳሜ ግን ይሄ ሰው ተሳፋሪ ጭኖ ከአይዘንሃወር ዋሻ ቁልቁል ወደ ዴንቨር ሊወርድ ነው። ያንን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ጩኸቱን ብቻ ዝም ማሰኘት የቆየ በሽታ ነው። ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1902 የዲስክ ፍሬን ፓተንት ሲያወጣ፣ ዲስኩን የሚይዘው መዳብ ነበር። መዳብና ብረት ሲፋተጉ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይላሉ፤ ይሄ በጣም ሲፈጥን ዲስኩ እንደ ደወል ይርገበገባል። ጩኸቱ አይጣል ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሄርበርት ፍሩድ ነው። ሰውዬው ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ የእንጨት ፍሬናቸውን አሮጌ ጫማ ሲያለብሱ አይቶ ነው ሥራውን የጀመረው ይባላል። በ1907 አስቤስቶስ አለበሰው፤ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ፍሬኑም ዕድሜ አገኘ። (ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ሰሞን፣ በእኛ 1900 ዓ.ም. ነው።)

ግን የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። ጸጥታው የነጂው ሆነ፣ ዕዳው ሸራውን የሚሠራውና የሚቀይረው ሰው። አሜሪካ እንኳ ክሪሶታይል የሚባለውን አስቤስቶስ፣ ለመቀየሪያ የሚሸጠውን የፍሬን ሸራ ጨምሮ፣ የሚያግድ ደንብ ያወጣችው በመጋቢት 2024 ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና የምትነካኩ፣ የሸራውን አቧራ በአየር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

የዛሬው ጩኸት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ብዙ ሸራ ላይ ትንሽ ቀጭን ብረት አለች፤ ሸራው ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲወርድ ዲስኩን ነክታ «ሲጥ» ትላለች። ጠዋት ዝናብ ወይም በረዶ ካደረ በኋላ ሁለት ሦስቴ ጮሆ የሚጠፋው ዝገት ነው፣ ተዉት። የማይጠፋው ግን ይታይ። የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ከጀመረማ ሸራው አልቋል፤ ዲስኩም አብሮ እየተበላ ነው። ቅባት የሚገባው ከሸራው ጀርባ ነው፣ እሱም ለፍሬን የተሠራው። «ዝም ይበል» ብሎ ፊቱን የሚቀባ ሰው አይቻለሁ፤ እሱ ጩኸቱን ሳይሆን ፍሬኑን ነው የገደለው።

«ጊዜ የለኝም» እንደምትሉ አውቃለሁ፣ እኔም ብያለሁ። ግን ሸራ መቀየር ከዲስክ ይረክሳል፣ ዲስክም ከሰው ይረክሳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬኑን ብቻ አታስጨንቁት።

ለወንድማችን ማታ ደወልኩለት። ነገ ከሰዓት ሀቫና መንገድ እንገናኛለን፤ ጎማውን እኔ እፈታለሁ፣ ቡናውን እሱ ይከፍላል።