ለእንሽላሊቱ ፖሊስ፣ ለስደተኛው የተዘጋ በር?

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ የምንኖር ወገኖች ቡና ላይ ስንቀመጥ ሳይነሳ የማይቀር አንድ ቀልድ አለ። «በዚህ አገር መከበር ከፈለግህ ውሻ ሆነህ ተፈጠር» ይላል። ቀልዱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኼርት ቪልደርስ ፓርቲ ድጋፍ የቆመው የማርክ ሩተ መንግሥት በአንድ እጁ ስደተኛ ላይ በሩን የሚያጠብ ፖሊሲ፣ በሌላ እጁ 500 የእንስሳት ፖሊሶችን ለማሰማራት የተገባ ውል ይዞ ነበር ሥራ የጀመረው። በ2011 እንስሳ ሲሰቃይ ያየ ሰው የሚደውልበት 144 የተባለ የስልክ ቁጥር ተከፈተ። የጥገኝነት ማመልከቻው መልስ አጥቶ በካምፕ ዓመታት የቆጠረ ወገናችን ይህን ሲሰማ ቢመረው አንፈርድበትም።

እኛ ግን ቁጣው አድራሻውን ስቷል እንላለን። በሩን የዘጋብን ፖለቲከኛው እንጂ እንሽላሊቱ አይደለም። ለነገሩ እንሽላሊቱ ተመችቶት የሚኖር መስሎት የሚቀና ካለ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ካላቸው ትልልቅ የእንስሳት መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለውን ፍጥረት ጥቂት ቆም ብሎ ይመልከተው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ሻጩ በሙያው የምስክር ወረቀት ያለው ሰው እንዲኖረው፣ ለገዢውም ስለ እንስሳው አያያዝ፣ መኖሪያና ወጪ በጽሑፍ መረጃ እንዲሰጥ ያዛል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መሸጥም ክልክል ነው። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ደንቡ እንስሳው «በቂ ቦታ» ይሰጠው ይላል፤ በቂ ማለት ለተሳቢ እንስሳ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ግን አይናገርም። ጎረቤት ጀርመን ገና በ1997 የባለሙያዎች ሰነድ አዘጋጅታ፣ የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በእንስሳው የሰውነት ርዝመት እያባዛች ለየዝርያው አስቀምጣለች። ይህችን «በቂ» የምትባል ቃል እኛ በደንብ እናውቃታለን። በመንግሥት ጋዜጣ ዴስክ ላይ በተቀመጥንባቸው ዓመታት «በቂ ዝግጅት ተደርጓል»፣ «በቂ ክምችት አለ» የሚሉ ዜናዎች በእጃችን አልፈዋል። ቁጥር የሌለው «በቂ» ማንንም ተጠያቂ አያደርግም፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቢያይ እንኳ ምኑን ይለካል?

ገዢው ከሚያዘወትራቸው አንዱን፣ ደቾች «ባርዳጋም» የሚሉትን ጢማም እንሽላሊት እንውሰድ። የትውልድ አገሩ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው። የሚሞቅበት ቦታ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት፤ የሳጥኑ ሌላኛው ጫፍ ግን 25 ዲግሪ አካባቢ መሆን ይገባዋል። የገላውን ሙቀት የሚያስተካክለው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ነውና፣ ሳጥኑ ካጠረ ማምለጫ የለውም። የአልትራቫዮሌት ጨረር ካላገኘ ደግሞ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ3 መሥራት ይሳነዋል፤ ካልሲየሙ አይዋሃደውም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ይልማል፣ እግሩ ይጣመማል። የመብራቱ ተንኮል፣ ለዓይናችን ቦግ ብሎ እየበራ ጨረሩ በወራት ውስጥ መድከሙ ነው። በመስኮት የሚገባው ፀሐይም አይተካውም፤ መስታወቱ ያን ጨረር ያስቀረዋል። ውሻ ሲያመው ያላዝናል። ይህኛው ድምፅ የለውም፤ ባለቤቱ ሲነቃ አጥንቱ ጠሟል።

የኤሊዋ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ጆሮዋ አጠገብ ቀይ መስመር ያላት፣ ከአሜሪካ የመጣች የውሃ ኤሊ ስትገዛ ሳንቲም ታክላለች፤ ስታድግ የእንጀራ ሰፌድ ባትሆንም የወጥ ሳህን ታክላለች፤ ዕድሜዋም አሥርት ዓመታት ይቆጠራል። ውሃው ሲሸት፣ ልጁ ሲሰለች ቦይ ውስጥ ትጣላለች። በአምስተርዳምና በሮተርዳም ቦዮች ዳር በበጋ ግንድ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ያየናት ያቺው ናት። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ከወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ መሸጧንም ማራባቷንም ከለከለ። ቀድሞ የገዛት እስክትሞት ሊይዛት ይችላል። ሱቁ ግን ትርፉን ከወሰደ ቆይቷል።

«የአገራችን ሰው እያለቀ ስለ ኤሊ ታወራላችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። በ2002 የተመሠረተው የእንስሳት ፓርቲ ዴን ሃግ ባለው ፓርላማ 2 መቀመጫ ያገኘው በኖቬምበር 2006 ነበር። በዚያው ወር ከአዲስ አበባ የወጣውን ዜና የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ቦታና ገንዘብ አጠረን ብሎ ደቦሎቹን በመርዝ እየገደለ፣ ሬሳቸውን ለጌጥ ሞልተው ለሚያዘጋጁ ሰዎች እያንዳንዱን በ170 ዶላር ገደማ ይሸጥ እንደነበር ኃላፊው ራሳቸው ተናገሩ። በእንስሳት ላይ ጭካኔ መፈጸም ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ክልክል ነበር። ጉዳዩ የሀብታም አገር ቅንጦት ብቻ አይደለም ማለታችን ነው። (በነገራችን ላይ ፖለቲከኛን «እስስት» እያልን መስደባችንንም ብንተው ደስ ይለናል። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው ለሙቀቷና ለስሜቷ ነው፤ ለሥልጣን ብላ ስትለውጥ የታየች የለችም።)

ኔዘርላንድስ በጁላይ 2024 በቤት ሊያዙ የሚፈቀዱ 30 የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን ዝርዝር ሥራ ላይ ስታውል ተሳቢዎቹ አልገቡበትም። መግባት አለባቸው፤ ከዝርዝሩም ጋር በሳንቲ ሜትርና በዲግሪ የተጻፈ መለኪያ ሊወጣላቸው ይገባል። ዜግነት አግኝተን ድምፅ የምንሰጥ ሰዎች ለፓርላማ አባል ደብዳቤ ስንጽፍ የአገር ቤት ጉዳይ ብቻ መሆን የለበትም።

እስከዚያው፣ ለልደት እንሽላሊት ግዙልኝ የሚል ልጅ ያለው ወላጅ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ይጠይቅ። ሲያድግ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል? ስንት ዓመት ይኖራል? መብራቱ በየስንት ወሩ ይለወጣል፣ በስንት ዩሮ? በዚህ ከተማ ተሳቢ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ማን ነው? ሕጉ የሚያዘው የጽሑፍ መረጃስ የታለ? ሻጩ ካመነታ ልጁን ወደ ብሌይዶርፕ ወይም ወደ አርቲስ ወስዶ ማሳየት ይሻላል።