ነጋዴ የተወዳዳሪውን ስም ማንሣት ይገባዋልን?

ሸቀጡን ለገዢ የሚያስተዋውቅ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም ስለ ራሱ ዕቃ ብቻ ተናግሮ ይብቃው ወይስ የተወዳዳሪውንም ስም አንሥቶ ያነጻጽር የሚለው ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የነጋዴዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። በካፋ ዞን ግን የቡና ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በቦንጋም ሆነ በሌላ ከተማ በንግድና በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች ተቀምጠው የማስተዋወቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ወጣት ሠራተኞች፥ ነገም ቦታቸውን የሚረከቡ ተማሪዎች ሊመረምሩት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት አሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን፥ የተወዳዳሪን ስም መጥራት ለእርሱ ያለ ዋጋ ማስታወቂያ መሥራት ነው፤ ደግሞም የሌላውን ዕቃ እያነሡ መናገር ከሐሜት አይለይም ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ ገዢው ተወዳዳሪውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እኛ ዝም ብንልም እርሱ ማነጻጸሩን አይተውም፤ የሚያነጻጽረው ግን ሌላ ሰው በነገረው ነው ሲል ይመልሳል።

የካፋ ቡና ታሪክ ሁለተኛውን አሳብ የሚደግፍ ይመስለናል። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን የዕፀዋት ሊቅ በ1753 እ.ኤ.አ. ለቡና ተክል ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «አራቢካ» አለው። የተክሉ ዋና የተፈጥሮ መገኛ የኢትዮጵያ ደን ሆኖ ሳለ፥ ስሙ ወደ ዓረብ አገር ተሻገረ። ወደ አገራችን ስንመለስም፥ ጅማ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከካፋ ደን የተለቀመው ጀንፈል በዚያ በኩል እያለፈ በውጭ ገበያ የጅማ ቡና እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ያቀረባቸው ስሞች ደግሞ ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ ነበሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ ቢያቀርብም፥ ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር የነበረው ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተፈጸመ። ካፋ ግን ከሦስቱ ስሞች አንዱ አልነበረም።

እንግዲህ የውጭ ገዢ የቦንጋን ቡና ባየ ጊዜ «ከይርጋ ጨፌው በምን ይለያል? ከጅማውስ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? «የእኛ ቡና ምርጥ ነው» ማለት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ዕቃዬ ምርጥ ነው የማይል ሻጭ የለምና።

ይሁን እንጂ ስም ማንሣት ሁሉ አንድ አይደለም። የቡና መገኛ በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ ናት ወይስ በዴቻ ወረዳ ያለችው ማኪራ የሚለውን የጅማና የካፋ ሙግት አንባቢ ሳይሰማው አይቀርም። በሊቃውንት ጉባኤ ላይ ሲነሣ ተገቢ ምርምር ነው። በቡና ከረጢት ላይ ሲጻፍ ግን ገዢን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም። በሃምቡርግ ቡና ቆልቶ የሚሸጠው ነጋዴ ጅማና ካፋ ሲነቃቀፉ ቢሰማ፥ ፊቱን ወደ ብራዚልና ወደ ኮሎምቢያ ያዞራል፤ የሚጎዱትም የሁለቱም አገር ገበሬዎች ናቸው። የራሱን ጀንፈል በባዶ መሬት ላይ እያሰጣ የጎረቤቱን የሚነቅፍ ሻጭማ፥ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ደርሶበታል።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ133ኛው አንቀጽ፥ የተወዳዳሪን ድርጅት ወይም ዕቃ ለማዋረድ በሐሰት መናገርን ከማይገባ ውድድር ቈጥሮት ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም በማስታወቂያ ላይ በሐሰት ወይም በሚያሻማ አነጋገር ማነጻጸርን ከልክሏል። የተነቀፈው ሐሰቱና ማሻማቱ ነው። የአውሮፓ ማኅበርም በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ንጽጽሩ የማያሳስት፥ ሊረጋገጥ የሚችልና ተወዳዳሪውን የማያንቋሽሽ ሲሆን ፈቅዶታል።

የቀረው ጥያቄ ማን ይመዝን የሚለው ነው። ፔፕሲ ኮላ በ1975 እ.ኤ.አ. ስም ካልተጻፈባቸው ሁለት ብርጭቆዎች ሰው እያስቀመሰ ራሱን ከኮካ ኮላ ጋር ማወዳደር ጀምሮ ነበር። ዝናው ብዙ ሆነ፤ ነገር ግን ፈታኙ ራሱ ተፈታኝ ስለ ነበረ ፍርዱን ሙሉ በሙሉ ማመን ያስቸግራል። በዚህ ረገድ የእኛ ቡና የተሻለ ዕድል አለው። ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት በመንግሥት ቀማሾች ተቀምሶ ደረጃ ይሰጠዋልና፥ ሻጩ የራሱን ምላስ ምስክር ማድረግ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት፥ የተወዳዳሪ ስም ይነሣ፤ ነገር ግን ከነምስጋናው ይነሣ የሚል ነው። የካፋን ቡና የሚያስተዋውቅ ሠራተኛ፥ ይርጋ ጨፌ በአበባ መዓዛው የታወቀ መሆኑን ሳይሰስት ይመስክር። ከዚያም የካፋው ቡና ጣዕሙ ምን እንደ ሆነ፥ ደረጃው ስንት እንደ ወጣ፥ እሸቱ ቀይ ሲሆን መለቀሙንና በአልጋ ላይ መድረቁን ይግለጽ። ከጥብቁ ደን የተለቀመ ከሆነም፥ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋንና የያዩን ደን በአንድ ዓመት መመዝገቡን ይጨምር። ማስረጃ የሌለውን ቃል ግን ከመታተሙ በፊት ይሰርዝ። ገዢው አንድ ጊዜ በሐሰት የተታለለ እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው የሚወድቀው ማስታወቂያውን በጻፈው ላይ ሳይሆን ቡናውን በለቀመው ገበሬ ላይ ነው።