«ዲመሬጅ» ማን ናት?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዛ መጣችና «ይህንን አይተህ ልጁ ይወደኛል ወይስ እየበላኝ ነው? ቁርጡን ንገረኝ» አለችኝ። የፍቅር ጥያቄ በብዙ መልኩ ቀርቦልኛል። የዕቃ ማስጫኛ ሰነድ ተዘርግቶልኝ «ይወደኛል ወይ?» ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ፀጉር ቤት አላት። እጮኛዋ ጀማሪ አስመጪ ነው። የዕቁብ ገንዘቧን ሰጠችውና ከቻይና፣ ከጓንዡ፣ የፀጉር ቤት ወንበር፣ መታጠቢያና ካስክ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አዘዙ። ግማሹ ለእሷ ቤት፣ ግማሹ ለሽያጭ፣ ትርፉ ለሠርግ። «ዋጋው ተከፍሎ አልቋል» አላት። ከዚያ ወዲህ ግን ገንዘብ አምጪ ማለቱን አላቆመም። መጀመሪያ የመርከብ ኪራይ፣ ቀጥሎ የወደብ፣ በመጨረሻ ደግሞ ዲመሬጅ።

«ማታ ማታ በስልክ ዲመሬጅ በላችኝ፣ ዲመሬጅ ገደለችኝ ሲል እሰማዋለሁ። እውነቴን ነው የምልህ፣ መጀመሪያ የሴት ስም መስሎኝ ነበር።»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀለበቷን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች።

እኔም ብሆን ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልዘለቅኩም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን አህጽሮተ ቃል ሁሉ ከየት አውቀዋለሁ? ስለዚህ በዚህ ሥራ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ትራንዚተር ዘንድ ይዣት ሄድኩ። (ትራንዚተር ማለት በባለ ዕቃው ስም የጉምሩኩንና የወደቡን ጣጣ የሚጨርስ ሰው ነው።) ሰውየው መነጽራቸውን አጠለቁና ከፌስታሉ ውስጥ መጀመሪያ የፈለጉት የሻጩን ፕሮፎርማ ነበር። ከዋጋው አጠገብ ያሉ ሦስት ፊደሎች ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ኤፍኦቢ።

«ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ ጠባችሁ ያለው እዚህች ላይ ነው።»

ኤፍኦቢ ማለት ሻጩ ዕቃውን በራሱ አገር ወደብ መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ነው ኃላፊነቱ። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ኪራይም፣ ኢንሹራንሱም፣ የሚደርሰው አደጋም የገዢው ነው። ዋጋው የረከሰውም ለዚህ ነው። «ሲአይኤፍ ጅቡቲ» ቢል ኖሮ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ሻጩ እስከ ጅቡቲ ከፍሎ ዋጋው ውስጥ ይጨምረው ነበር። «ኤክስ ዎርክስ» የሚል ካያችሁማ ከፋብሪካው በር ጀምሮ ያለው ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው። ኢንኮተርምስ ይባላሉ እነዚህ ቃላት። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት መጀመሪያ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን በ2020ው እትም 11 ናቸው።

ሲአይኤፍ ነው ብላችሁም አትዝናኑ። አንደኛ፣ ኪራዩን ሻጩ ይክፈል እንጂ ዕቃው ባሕር ላይ ቢጎዳ ኪሳራው የገዢው ነው፤ ኢንሹራንሱን የሚያሳድደውም እሱው ነው። ሁለተኛ፣ ጅቡቲ ማለት አዲስ አበባ ማለት አይደለም። በመሐል ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፣ የወደብ ሂሳብ አለ፣ ቀረጥ አለ። ቀረጡ ደግሞ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኪራይና ኢንሹራንስ ተደምሮበት ነው፤ በኤፍኦቢ ገዛሁ ማለት እዚያ ላይ አያድንም።

«ታዲያ ተከፍሎ አልቋል ያለኝ ውሸቱን ነዋ!» አለች ልጅቷ።

«ውሸት ይሁን አለማወቅ ገና እናየዋለን» አሉና ሌላ ወረቀት መዘዙ።

ቢል ኦፍ ሌዲንግ ነው። በአንድ በኩል መርከቡ ዕቃውን የተረከበበት ደረሰኝ ነው፤ በሌላ በኩል የዕቃው የባለቤትነት ወረቀት። ኦሪጅናሉ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቅጂ ይወጣል፤ ያለ እሱ ዕቃ አይለቀቅም። ሻጩ ኦሪጅናሉን እዚያው ለመርከብ ድርጅቱ መልሶ ዕቃው እዚህ ያለ ወረቀት እንዲለቀቅ ሲደረግ «ቴሌክስ ሪሊዝ» ይሉታል። የቴሌክስ ማሽኑ ድሮ ሞቷል፣ ስሙ ብቻ ቀርቷል። በዚህኛው ላይ «ፍሬት ኮሌክት» ተጽፏል፤ ኪራዩ መድረሻው ላይ ይከፈላል ማለት ነው። የመርከብ ኪራይ ብሎ የወሰደው ገንዘብ እውነት ሆነ። ልጅቷ ትንሽ ተነፈሰች።

ሽማግሌው ግን ኢንቮይሱንና ቢል ኦፍ ሌዲንጉን ጎን ለጎን አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። የልጁ ስም በአንዱ መጨረሻው በ«አይ» ነው፣ በሌላው በ«ዋይ»። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው መሆኑን ታውቁታላችሁ፤ ትምህርት ቤት ሳለን በሰርተፍኬታችን ላይ ስንት ጣጣ አሳይቶናል! እዚህ ደግሞ ኮንቴይነር ያስቆማል። ሻጩ ማስተካከያ እስኪያስጽፍ ቀን ይቆጠራል።

ቀን ሲቆጠር ነው እንግዲህ ዲመሬጅ የምትመጣው። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው። ወደብ ከወረደ በኋላ በነፃ የሚቆምበት የተወሰነ ቀን አለ፤ ልኩ በየውሉ ይለያያል። ያ ሲያልፍ በየቀኑ ይታሰባል፤ እየቆየ ሲሄድ የቀኑ ሂሳብ ራሱ የሚጨምርበትም አለ። ይህ ዲመሬጅ ነው። ከወደብ ወጥቶ ባዶው ኮንቴይነር በጊዜ ሳይመለስ ሲቀር የሚከፈለው «ዲቴንሽን» ይባላል። ወደቡ ደግሞ ለቦታው የሚያስከፍለው አለ፣ «ስቶሬጅ»። እኛ አገር ሦስቱንም በአንድ አፍ ዲመሬጅ እንላቸዋለን። ሂሳብ ሲመጣ ግን «የትኛው ነው?» ብሎ ደረሰኙን ለይቶ መጠየቅ ያዋጣል፤ አንዱ ከፍሏችሁ ሌላው ሊመጣ ይችላልና።

«በአውሮፕላን ቢመጣስ ኖሮ?» አለች ልጅቷ፣ በንዴት።

በአውሮፕላንማ የሚመዘነው ኪሎው ብቻ አይደለም። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል፤ ከእውነተኛው ኪሎ ከበለጠ የሚከፈለው በእሱ ነው። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን ውስጥ 5 ኪሎ ትራስ ብትከቱ የ20 ኪሎ ትከፍላላችሁ። ከዓረብ አገር እህት ያላችሁ ልብ በሉ፤ ካርጎ ቤቱ ላይ ከመጮህ በፊት ካርቶኑን ማሳነስ ይሻላል።

ኢንሹራንሱ መገባቱን ሲያዩ ሽማግሌው ደስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 «ኤቨር ጊቭን» የተባለችው መርከብ የስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀን ስትዘጋ ባለቤቶቿ «ጀነራል አቨሬጅ» ማወጃቸውን አነሱልን። ትርጉሙ መርከቧን ለማዳን የወጣውን ወጪ ዕቃው ምንም ያልሆነበት ነጋዴ ጭምር እንደ ድርሻው ያዋጣል ማለት ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ከኪሱ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ዕድርን አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ ይህኛው ሳትመዘገቡ አባል የሚያደርጋችሁ መሆኑ ነው።

መጨረሻ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቀረች። መርከቡ መድረሱን የሚያስታውቅ ነው፤ የሚላከውም ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ «ኖቲፋይ ፓርቲ» ተብሎ ለተጻፈው ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ለልጁ። ቀኑን አየች። ለእሷ ከነገራት ቀን በ11 ቀን ይቀድማል።

ዝም ተባባልን። ሽማግሌው ነፃውን ቀን ቆጠሩ። አብዛኛው ያለቀው በእነዚያ 11 ቀናት ውስጥ ነው። የስሙ ስህተትም ያኔውኑ ተይዞ ቢሆን የዲመሬጁ ሂሳብ ይህን ያህል ባላበጠ ነበር። ልጁ ገንዘቧን አልበላም፤ ደረሰኙ ሁሉ ከጠየቃት ጋር ይገጥማል። ኤፍኦቢን አላወቃትም ነበር። ሲያውቃት ደግሞ «ተሳስቻለሁ፣ ገንዘብ አነሰን» ማለት አፈረ። ኮንቴይነሩ ቆሞ እሱ ሲያፍር ሂሳቡ ሮጠ።

የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ባለማወቁ አልፈርድበትም፤ እኔም እኮ የዚያን ዕለት ነው ያወቅኩት። የ11 ቀኑ ዝምታ ግን ቀላል አይደለም፤ እሱን በደረሰኝ አያወራርደውም። ለእሷም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ስለ ገንዘቡ ይቅርታ ጠይቂው፣ ስለ ቀኑ ይቅርታ ይጠይቅሽ፤ ማስተካከያው ግን ዛሬውኑ ይጻፍ፣ ነገ ሌላ ቀን ይቆጠራልና።

ከትራንዚተሩ ቢሮ ስንወጣ ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። «ስምህን የሚጽፉት በ‹ዋይ› ነው በ‹አይ›?» አለችው፣ ሰላምታም የለ። ከዚያ ረጅም ሰዓት አዳመጠች። ቀለበቱን አላነሳሁባትም፤ ቦርሳዋ ግን እንደተዘጋ ነበር።

ቸር እንሰንብት።