ወፊቱ ተነሣች፤ ወዛደሩስ?

«አገራችን እንደ ፊንክስ ከአመዷ ትነሣለች» የሚለው ቃል በዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በምናደርጋቸው ስብሰባዎች የንግግር ማሟሻ ከሆነ ሰነበተ። እኛ ግን አላጨበጨብንም። ምክንያታችንን እንግለጥ።

ፊንክስ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው በ«ፊሳልጎስ» መጽሐፍ ውስጥ አለች፤ በየ500 ዓመቱ ሽቱ ተሸክማ መጥታ በመሠዊያ ላይ ትቃጠላለች፤ በሦስተኛው ቀን ሙሉ ወፍ ሆና ትገኛለች። (በግሪክኛ ስሟ የዘንባባም ስም ነው፤ ዘንባባ እንኳ የሚለመልመው ውሃ ሲያገኝ ነው።) ልብ በሉ! ወፊቱ እሳት ውስጥ የገባችው በገዛ ፈቃዷ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ያለቀውን የገበሬ ልጅ ግን ፈቃዱን ማን ጠየቀው?

ማስረጃ የሚሻ ከዚሁ ከተማ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ይውረድ። በ1878 እ.ኤ.አ. በዋሽበርን «ኤ» ወፍጮ ውስጥ የተንሳፈፈው የዱቄት ብናኝ እሳት ይዞት ፈነዳ፤ 18 ሠራተኞች ሞቱ። ወፍጮው በ1880 ገዝፎ ተሠራ። በ1991 ደግሞ ተቃጠለ፤ በ2003 ፍርስራሹ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። እነሆ ፊንክስ! ከከበርቴው ንብረት ጋር አብሮ የተነሣ አንድም ወዛደር ግን የለም፤ ለ18ቱ የተረፋቸው በሌክውድ መካነ መቃብር የቆመው ሐውልት ነው። ከእነርሱ በኋላ የገቡትን ሠራተኞች የጠበቃቸውም ብናኙን የሚመጥ መሣሪያ እንጂ ተረት አይደለም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ አመዱ የሚያዜም ተናጋሪ ሲነሣ፣ እሳቱን ማን እንደለኮሰው እንጠይቀዋለን።